ከመኪናው ውረዱ፦ ሳነቴን በእግር

ከጎባ ወደ ደሎ መና በመኪና የተሻገረ ሰው በባሌ ተራሮች አናት ላይ ስላለው አምባ፣ ስለ ሳነቴ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው «ብርዱ!» ነው። ሁለተኛው «ሜዳ ነው ባክህ፣ ምንም የለውም» ነው። በመጀመሪያው እስማማለሁ። በሁለተኛው ግን ብከራከር አይሰለቸኝም።

ከመኪና ለሚያየው ሰው እውነትም ምንም የለውም። መንገዱ ከጎባ ተነስቶ በጥድ፣ በኮሶ፣ ከዚያም አስታ በሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ መሀል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ድንገት ዛፍ ያልቃል። ከ4,000 ሜትር በላይ ናችሁ። ክረምት ከበጋ መኪና ከሚያስኬዱ የአፍሪካ መንገዶች ከፍተኛው ይሄ እንደሆነ ይነገራል። ግራና ቀኝ ግራጫ ቁጥቋጦ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ እዚህም እዚያም ለብቻው የቆመ ጅብራ ነው። ሙዚቃው ይቀጥላል። ከኋላ አንዱ «ቀበሮ! ቀበሮ!» ብሎ ይጮሃል። ሁሉም ወደዚያ መስኮት ሲዞር ቀበሮው የለም። ትንሽ ቆይቶ መንገዱ ወደ ሃረና ጫካ ቁልቁል ይወርዳል። በቃ፣ ሳነቴ ታየ ተባለ።

4,000 ሜትር ላይ ሆኖ ዝቅ ያለ አገር አለ ቢባል ይገርም ይሆናል። ሳነቴ ግን እንደዚያ ነው። ጅብራውን ከተውነው፣ ያለው ነገር በሙሉ ከጉልበት በታች ነው። ሳሩ ውስጥ፣ ጉድጓዱ ውስጥ፣ ድንጋዩ ሥር፣ ኩሬው ዳር ነው። ሀይቆቹም ቢሆኑ ተኝተው ነው ያሉት። ካልቀረባችኋቸው አይታዩም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ይሄን አገር ማየት አይቻልም። በእግር ነው።

ገርባ ጉራቻ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ሀይቁ ያለው 3,950 ሜትር አካባቢ፣ የቶጎና ሸለቆ ከሚጀምርበት አናት ላይ ነው። ከመኪና መንገዱ ብዙም አይርቅም፤ ግን በየቀኑ አጠገቡ የሚያልፈው ሰው አያየውም። በእግር ስትሄዱም እስከ መጨረሻው ድረስ ይደበቃችኋል። ሜዳውን ታቋርጣላችሁ። ቁጥቋጦ፣ ድንጋይ፣ እንደገና ቁጥቋጦ። መሪው «ደርሰናል» ይላል። የት ነው የደረስነው? ጥቂት እርምጃ ስትጨምሩ መሬቱ ከፊታችሁ ቁርጥ ይላል። አፋፍ ላይ ናችሁ። ከታች ገደል፣ ከገደሉ ሥር ደግሞ ጥቁር ውሃ። መጀመሪያ ስትደርሱ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋችኋል፤ ለጥንቃቄም ቢሆን ጥሩ ነው።

ቅርጹን ልብ ብላችሁ እዩት። ከኋላው ቀጥ ያለ ግድግዳ አለ፣ ከፊቱ ወደ ሸለቆው የሚከፈት ዝቅ ያለ አፍ አለ፣ መሀሉ ጎድጓዳ ነው። መደገፊያ ያለው ወንበር ይመስላል። ይሄ የወንዝ ሥራ አይደለም። ወንዝ እንዲህ ዓይነት ጉድጓድ አይቆፍርም። ይሄን የሠራው የበረዶ ግግር ነው። በረዶ ከዓመት ዓመት ሳይቀልጥ ይከመራል፤ ክብደቱ ራሱን ይጫነዋል፤ ወደ ጠጣር ግግርነት ይለወጣል፤ ከዚያ በጣም በዝግታ ቁልቁል መሄድ ይጀምራል። ሲሄድ ከሥሩና ከጀርባው ያለውን አለት እየነቀለ፣ እየፋቀ ነው። የፋቀውን ድንጋይና አፈር ፊት ለፊቱ ይከምረዋል። አየሩ ሲሞቅ ግግሩ ይቀልጣል፣ ጉድጓዱ ይቀራል፣ ውሃ ይሞላዋል።

ዛሬ ባሌ ላይ የበረዶ ግግር የለም። በደረቁ ወራት ሌሊት ኩሬዎቹ ዳር ዳራቸው ይረጋል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ይሟሟል። ከዚያ አይዘልም። ድሮ ግን ሌላ አገር ነበር። ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ከ200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው የባሌ ተራሮች ክፍል በግግር ተሸፍኖ እንደነበር ተመራማሪዎች ድንጋዮቹን መርምረው አስልተዋል። የሚገርመው ሰዓቱ ነው። በብዙው ዓለም በረዶው ጣሪያ ላይ የደረሰው ከ21,000 ዓመት በፊት አካባቢ ነው። ባሌ ቀድማለች።

ሜዳው ላይ በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ ረጃጅም የድንጋይ መስመሮችም አሉ። ሰው የደረደራቸው ነው የሚመስለው፤ መጀመሪያ ያየ ሰው የድሮ ካብ ነው ብሎ ይምላል። እነሱም የዚያ ዘመን ብርድ ሥራ ናቸው። መሬቱ ሲረጋና ሲፈታ፣ ሲረጋና ሲፈታ ድንጋዩን ከአፈሩ እየለየ ያሰለፈው ነው። ከመኪና ስታዩት ድንጋይ ነው። ስትራመዱበት መስመር ይሆናል።

የገርባ ጉራቻ ጭቃ ደግሞ ራሱን የቻለ መዝገብ ነው። ግግሩ ከሄደ ጀምሮ ሀይቁ ሥር ደለል በንብርብር ሲጠራቀም ኖሯል። በየንብርብሩ ውስጥ በነፋስ የመጣ የአበባ ዱቄትና የከሰል ብናኝ አለ። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ መሐመድ ኡመርና ባልደረቦቹ ይሄን ደለል በቱቦ አውጥተው፣ የአበባ ዱቄቱን ለይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት የባሌን ዕፅዋት ታሪክ ወደ 16,000 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ አንብበውታል። አስታው መቼ እንደተስፋፋ፣ ጫካው መቼ እንደወጣና እንደወረደ ከዚያ ጭቃ ነው የታወቀው። አፋፉ ላይ ቁጭ ብዬ ዳቦ ስበላ ይሄንን ማሰብ ደስ ይለኛል። ከሥሬ ያለው ውሃ ዝም ብሎ ሲመዘግብ የኖረ ነው።

ትላልቆቹን ትቼ ትንንሾቹን ሀይቆች ነው የምወደው ብል ግን አልዋሸሁም። ሳነቴ ላይ ስም ያላቸውም የሌላቸውም ጥልቀት የለሽ ኩሬዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ በበጋ ይደርቃሉ፤ ባለፈው የነበረ ኩሬ በሚቀጥለው የተሰነጣጠቀ ጭቃ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ውሃ ባለበት ግን ወፍ አለ። ክንፈ ሰማያዊዋ ዝይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ የለችም፤ እዚህ ግን ኩሬው ዳር እንደ ቤቷ ትንጎራደዳለች። ሰው ሲመጣ ብዙም አትደነግጥም። ዕድለኛ ከሆናችሁ ከአገጩ ሥር ሁለት ነጭ ተንጠልጣይ ያለው፣ ክሬን የሚባለው ትልቅ ወፍ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲራመድ ታዩታላችሁ።

ስለ ቱሉ ዲምቱ አንድ ነገር ልበል። 4,377 ሜትር ነው፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ከእሱ የሚበልጥ ተራራ የለም። ስለዚህ የሄደ ሁሉ አናቱ ላይ ፎቶ ካልተነሳ የሄደ አይመስለውም። ችግሩ አናቱ ድረስ የመኪና መንገድ ይወጣል። ላይ ደግሞ የቴሌ ማማ አለ። ትንፋሽ እያጠራችሁ ወጥታችሁ አንዱ ቤተሰብ ከመኪና ሲወርድ ታገኙታላችሁ፣ ልጆቹ ቺፕስ ይዘው። እይታው ያምራል፣ አልክድም። ሰማዩ ከጠራ ሃረና በስተደቡብ ተዘርግቶ ይታያል። ግን አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው እኔ ሀይቁን ነው የምመርጥለት። የከፍታ ቁጥር ይዞ መመለስ ምን ያደርጋል?

ረዘም ላለ ጉዞ መነሻው ዲንሾ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው፤ መሪም፣ ፈረስም፣ ፈረስ ጫኝም እዚያው ይገኛል። ከዲንሾ ወደ ወይብ ሸለቆ ይገባል። ከዚያ ራፉ በሚባለው ቦታ በኩል፣ ነፋስና ውሃ ሸርሽሮ እንደ ምሰሶ ባቆማቸው የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች መሀል ታልፎ ወደ ሳነቴ ይወጣል። ገና ዲንሾ ሳላችሁ የደጋ አጋዘን ታያላችሁ። ይሄ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጪ የለም፤ ሳይንስ ያወቀው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ጋይሳይ ሜዳ ላይ በማለዳ መንጋው ሲግጥ ቀንዱ እየተጠማዘዘ ከሳሩ በላይ ይታያል። ከርከሮው ደግሞ ማንም የለም ብሎ ግቢው ውስጥ ነው የሚውለው።

መንገድ ስል ግን የተጠረገ፣ ምልክት የተተከለለት ነገር እንዳትጠብቁ። እንዲያውም ባሌ ላይ ለእግር ተጓዥ ተብሎ የተሠራ መንገድ ብዙም የለም። ያለው የከብት ዱካ ነው፤ የፈረሰኛ፣ የገበያተኛ፣ የእረኛ መንገድ ነው። አንድ ጊዜ ፈረስ የሚጭኑልንን አዛውንት «አባባ፣ ይሄን መንገድ ማን ነው ያወጣው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ከብት ነው» አሉኝ።

ዝም ብለን ሄድን። ቆይተው ደግሞ «ከብቱን ያወጣው ሆራው ነው» ብለው ጨመሩ።

እውነታቸውን ነው። በተራራው ውስጥ ማዕድን ያለበት ምንጭ፣ ሆራ የሚሉት፣ በየቦታው አለ። ከብት ለዚያ ውሃ ሲባል ከሩቅ ይነዳል። ሰው ከብቱን ይከተላል። እኛ ደግሞ ቦርሳ አዝለን የሰውን ዱካ እንከተላለን። ለዚህ ነው ባሌ ላይ መንገዱ አንዳንዴ ያለ ምክንያት የሚጠመዘዝ የሚመስለው። ምክንያት አለው፤ የእኛ ምክንያት ስላልሆነ ነው።

ፈጠን ፈጠን ስል ደግሞ «ሱታ (ቀስ በል) ልጄ፣ ሱታ። ፈረሱ እንኳን አይቸኩልም» ይሉኛል። 4,000 ሜትር ላይ ይሄ ምክር ትህትና ብቻ አይደለም፣ ሕክምናም ነው። አየሩ ስስ ነው። ጉልበታም ጎረምሳ ዳገቱን ሮጦ ወጥቶ ማታ ራሱን ይዞ ድንኳን ውስጥ ሲያቃስት አይቻለሁ። ዲንሾ ማደር፣ ቀስ ብሎ መውጣት፣ ውሃ መጠጣት። ራስ ምታቱ እየባሰ፣ ማስታወክ ከመጣ ደግሞ መውረድ ነው። ወኔ እዚህ ቦታ አይሠራም።

ወይብ ሸለቆ ውስጥ፣ ፊንጫ ሃበራ ከሚባለው ፏፏቴ ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ የዓለት ጥላ አለ። አላፊ አግዳሚ ሊንቀው ይችላል፤ እረኛ ከዝናብ የሚጠለልበት ዓይነት ነው። 3,469 ሜትር ላይ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ ይኖሩ እንደነበር አሳየ። እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ ሰው እንደኖረ የሚያሳይ ከዚህ የቆየ ማስረጃ በዓለም ላይ እስከዚያ ጊዜ አልተገኘም ነበር። ምን ይበሉ ነበር? ፍልፈል። ግዙፉን የባሌ ፍልፈል እሳት ላይ ጠብሰው። ለመሣሪያቸው የሚሆን ባልጩት ፍለጋ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጡ ነበር። ያኔ ላይኛው አምባ ላይ ግግር አለ። ወደ በረዶው ጫፍ ድረስ ወጥተው፣ ድንጋዩን መርጠው፣ ተሸክመው ይወርዳሉ ማለት ነው። እኔ የእግር ጉዞ ጫማ ለብሼ፣ ዱላ ይዤ፣ ፈረስ ተጭኖልኝ እያለከለክሁ በምወጣው ዳገት ላይ!

ፍልፈሉ ዛሬም አለ፤ ዛሬ የሚበላው ቀይ ቀበሮው ነው። ግዙፉ ፍልፈል ባሌ ላይ ብቻ የሚገኝ ሲሆን እስከ 1 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜውን መሬት ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። ሲበላ ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ ብቅ አድርጎ፣ አካባቢውን ሳር አጭዶ፣ ወዲያው ይመለሳል። ቀበሮው ይሄን ያውቃል። ስለዚህ ይጠብቃል። ጉድጓዱ አጠገብ ጆሮውን ቀስሮ፣ አንገቱን አስግጎ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ይቆማል። አንዳንዴ እናንተ ትሰለቻላችሁ እንጂ እሱ አይሰለችም። ከዚያ አንድ ዝላይ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ስቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሌላ ጉድጓድ ይሄዳል።

ይሄንን ለማየት መቀመጥ ያስፈልጋል። መሄድ እንኳን አይበቃም። ድንጋይ ተደግፎ፣ ድምፅ ቀንሶ መቀመጥ። ቀበሮዎቹ አብረው ነው የሚኖሩት፤ አደን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ። ስለዚህ በትዕግሥት ለተቀመጠ ሰው ብዙ ያሳያሉ። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ ባሌ ውስጥ ነው ያሉት። ትልቁ ጠላታቸው ጠመንጃ አይደለም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከእረኞች ውሾች ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የገባው ወረርሽኝ የወይብ ሸለቆን ቀበሮዎች በብዛት ጨርሷቸዋል። ለዓመታት በየመንደሩ ውሻ ሲከተብ ቆይቷል፤ ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ ደግሞ ክትባቱን በምግብ ውስጥ አድርጎ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው መስጠት ተጀምሯል። በሳነቴ መንገድ ላይ በፍጥነት የሚነዳ መኪናም ይገድላቸዋል። ይሄኛው ክትባት አያስፈልገውም፤ እግርን ከነዳጁ ላይ ማንሳት ብቻ ነው።

አንድ የማይመች ወሬም አለ። ፓርኩ ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ከብት ይግጣል፣ አስታው ይቃጠላል። ከከተማ የሄደ ጎብኚ ጭሱን ሲያይ ወዲያው ይናደዳል። እኔም አልወደውም። ግን ያ የገርባ ጉራቻ ጭቃ እዚህም ይናገራል። የከሰሉ ብናኝ እንደሚያሳየው አስታው ላለፉት 14,000 ዓመታት ሲቃጠልና መልሶ ሲያቆጠቁጥ ኖሯል። አስታ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ይሄ ማለት ዛሬ እንደልብ ይቃጠል ማለት አይደለም፤ የከብቱም የሰውም ቁጥር እንደድሮው አይደለም። ግን እረኛውን እንደ ወራሪ ማየት ትክክል አይመስለኝም። የምንሄድበትን መንገድ ያወጣው እሱ ነው። በጥበቃው ውስጥ ጥቅም ካላገኘ ደግሞ የትኛውም አዋጅ ብቻውን ቀበሮውን አያተርፈውም።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተ ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ደስ ብሎናል፣ ጨፍረናል። ነገር ግን ከዚህ ተራራ ውሃ የሚጠጣው ሕዝብ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ወደ 12 ሚሊዮን እንደሚደርስ ሲገመት፣ ጉዳዩ ከቱሪስት በላይ ነው። በሶፍ ኡመር ዋሻ ውስጥ ሰንጥቆ የሚያልፈው ወይብ ከእነዚህ ተራሮች የሚነሳ ወንዝ ነው። ሳነቴ ላይ ጫማ የሚያረጥበው ረግረግ ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ ነው፤ ስታልፉ ብትራገሙትም።

ለመሄድ ካሰባችሁ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅ ነው። ሰማዩ ይጠራል። ሌሊቱ ግን ቀልድ አይደለም፤ ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ተመዝግቦ ያውቃል። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ፊት ይልጣል። ስለዚህ ጥሩ የመኝታ ከረጢት፣ ጓንት፣ ባርኔጣና የፀሐይ ቅባት አብረው ይያዙ። በክረምት ከሄዳችሁ ጭቃና ጉም ነው፤ ለአረንጓዴ ሲል ጭቃውን የሚታገስ ሰውም አለ። ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። ለቀበሮ ምግብ አትወርውሩ። ድሮንም ቢቀር ደስ ይለኛል።

ጊዜ ካላችሁ ከዲንሾ ተነሱና ቀናት ስጡት። ከሌላችሁ፣ ጎባ አድራችሁ በማለዳ ውጡ። መሪ ያዙ። ሜዳው ላይ ስትደርሱ ሹፌሩን አቁም በሉት፣ ከመኪናው ውረዱና በእግር ወደ ገርባ ጉራቻ ሂዱ። ኩሬ ባያችሁበት ተቀመጡ፤ ቀበሮ ከመጣም ዝም በሉ። ከሰዓት በኋላ ጉም ሊመጣ ስለሚችል ቀድማችሁ ተመለሱ። ቱሉ ዲምቱ ካማራችሁ መኪናው ያደርሳችኋል።